ጨረቃ ላይ ንጋት በወር አንዴ ነው

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ካምፓላ መሀል ከተማ፣ የታክሲ መናኸሪያው አጠገብ፣ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከሱ አንድ ወፍራም ኢንሳይክሎፒዲያ ገዛሁ፤ አንዱን ቅጽ ብቻ። ሌሎቹ ቅጾች የት እንደገቡ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። የእኔ ድርሻ በኤም ፊደል የሚጀምር ነገር ሁሉ ሆነ። እንግሊዞቹ ወተትንም፣ ወባንም፣ ሙዚቃንም፣ ተራራንም በዚያው ፊደል ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ስለነዚህ ሰው ቢጠይቀኝ እስከ ዛሬ አላፍርም። ጨረቃም እዚያው ውስጥ ነበረች፤ ብዙ ገጽ ይዛ፣ ከነሥዕሏ። ስለ ፀሐይ ግን አትጠይቁኝ። የፀሐይ ቅጽ ሌላ ሰው ቤት ነው።

ያን ሰሞን ለከተማው ኃይል የሚሰጠው ሐይቅ ውሃው ቀነሰ ተብሎ መብራት በፈረቃ ነበር። አንድ ምሽት ይበራል፣ አንድ ምሽት የለም። ቡኮቶ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ነበረኝ፤ ከጓሮ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ለአንዲት ያገሬ ልጅ አከራይቼ ነበር። ኮሎሎ ሰፈር ካሉት የዕርዳታ ድርጅቶች ባንዱ ሒሳብ ትሠራለች። ባሏ ነጋዴ ነው፤ የጁባ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ሸቀጥ እየጫነ ይመላለሳል፣ ቤቱ ከሚያድረው ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድረው ይበዛል። እሷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገፍቷል። ተከራዬ እያልኩ ነው የማወራችሁ፤ ስሟ የራሷ ነው።

መብራት በሌለበት ምሽት ደንበኛ ቶሎ ይበተናል። ጀነሬተር የለኝም፣ በሻማ ደግሞ ወጥ ሁሉ ያረረ ይመስላል። ስለዚህ በጊዜ ዘግቼ ከተከራዬ ጋር በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ሰፈሩ ሲጨልም ሰማዩ ይቀርባል። መጀመሪያ ያነበብኩትን አወራላት ነበር፤ ኋላ ወሬው ጨዋታ ሆነ። ጨረቃ ላይ ብንሄድስ?

«ማን ይቀበለናል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አበሻ አይጠፋም እትዬ። አንዱ ቀድሞ ሄዶ ሬስቶራንት ከፍቶ ይጠብቀናል።»

«በርበሬ ተወድዷል እያለ ያማርረናል።»

«እርስዎም ይኸው ነው የሚሉን!»

ክብደት እዚያ ለስድስት ተካፍሎ አንዱ እጅ ብቻ ነው የሚቀረው ስላት ሆዷን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «የቀረኝን ጊዜ እዚያ ልጨርሰው በቃ፤ ለምጡ እመለሳለሁ» አለች። ወጡ ድስት ውስጥ ተረጋግቶ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኳት፤ መጽሐፉ ስለ ወጥ አይልም። ንፋስ ስለሌለ የረገጡት ዱካ እንዳለ ይቀመጣል ስላት ይህን ወደደችው። አየር ስለሌለ ድምፅም የለም፣ አጠገብሽ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰሚውም ስላት ደግሞ፣ «ለባልና ሚስት ጥሩ አገር ነው» አለች።

አንድ ምሽት የጾም ነገር ተነሣ። ፋሲካ በጨረቃ ነው የሚሰላው። ታዲያ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ጨረቃን አያያትም፤ መቼ እንደሞላች መቼ እንደጎደለች በምን ያውቃል? ይህን ያነሣችው እሷ ናት። በማግስቱ ምግብ ቤቴ ቡና ሊጠጡ የመጡትን ጋሼን ጠየቅኳቸው። ጋሼ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ካምፓላ ከማናችንም በፊት የገቡ፣ አሮጌ ኮሮላቸውን ስፔሻል ኮንትራት የሚያሠሩ። ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው ምን ይጾማል? በልቶ መች አየነው?» አሉኝ። ይህንንም ለተከራዬ ወስጄ ነገርኳት፣ ተሳቀ።

ይህን ጨዋታ የወደደችበት ምክንያት ግን እኔ አልነበርኩም። አባቷ ነበሩ።

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል አባቷ በሬዲዮ የሰሙ ሰው ናቸው። ያን ምሽት ከቤት ወጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ጨረቃ አውለበለቡ። ጎረቤት «ሰውዬው ለቀቀ» አለ። እሳቸው፣ «እንግዳ ሲመጣ ሰላም አይባልም እንዴ?» አሉ። ይህች ልጅ ኋላ ተወልዳ ስታድግ ለጠያቂ ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ «ልጄን ጨረቃ ላይ መሬት ላለው ነው የምድራት።» ባሏ ሽማግሌ የላከ ጊዜም ያንኑ ደገሙት። «መሬት አለው ወይ ጨረቃ ላይ?» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳይስቅ፣ «ጌታዬ፣ መሬቱንስ ገዝቷል። መንገድ ነው ያልወጣለት» ብሎ መለሰ። አባት ከት ብለው ሳቁ፤ ልጅቷ ተሰጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልላቸዋለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቋት፣ «መንገዱ ወጣ?» ብለው ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ በጓሮ በር መጡ። በጓሮ በር መጥተው አያውቁም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ተኝታለች?»

«ተኝታለች። ምነው?»

«አባቷ አረፉ። ትናንት ማታ። ዘመዶቿ ከአዲስ አበባ ለእኔ ነው የደወሉት።»

እጄ ላይ የያዝኩትን ሽንኩርት አስቀመጥኩ። አይቻቸው አላውቅም፤ ነገር ግን አንድ የማውቀው ሰው ቤት በር ሲዘጋ የሰማሁ መሰለኝ።

አሠራራችንን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለም አይነገርም። የመጨረሻዋን ሌሊት በሰላም ይደርና ሊነጋ ሲል ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ከዚያ የሚያለቅስበት ሙሉ ቀን አለው፣ የሚይዘውም ሰው አለ። ጋሼ ሁሉን አስበውበት ነው የመጡት። ባሏ ጁባ ድረስ ተነግሮታል፣ አውቶቡስ ላይ ነው፣ ማታ ይገባል። ፊቱን አይታ እንዳትጠረጥር ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ጋሼ ቤት ይሄዳል። እሑድ ሊነጋ ሲል አብረው ይመጣሉ።

«ነፍሰ ጡር ናት» አሉ ጋሼ። «በስልክ ብትሰማው አንድ ነገር ትሆንብናለች። እስከ ነገ ንጋት ያንቺ ናት። አደራሽን።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ትደውልላቸዋለች።»

«ለዚያ ነው አደራ የምልሽ።»

የሞባይሏ ባትሪ ማታ መብራት ሳይኖር አልቆ ነበር። ስትነሣ፣ «ስጪኝ፣ ጀነሬተር ያላት ፀጉር ሠሪ ጋ ላስቻርጅልሽ» አልኳት። ሰጠችኝ። ለፀጉር ሠሪዋ እስከ ነገ እንዳትከፍተው ነገርኳት። ቀጥዬ፣ «ዛሬ ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቹ ትቼ ሐይቁ ዳር ጋባ ወርጄ ዓሣ ልበላ ነው፣ አብረሽኝ ነይ» አልኳት። እኔ ቅዳሜ ሥራ ጥዬ ሄጄ የማላውቅ ሰው ነኝ። ተከራዬ አየችኝ።

«እትዬ፣ ደኅና ነዎት?»

«ዓሣ አማረኝ።»

«ያረገዝኩት እኔ፣ የሚያምርዎት እርስዎ!»

ጋሼ በመኪናቸው ወሰዱን። መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ እየነዱ የማያወሩ ሰው ናቸው። ቦዳ የሚባሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች ረገሙ፣ የነዳጁን ነገር አነሡ፣ በልጅነታቸው ፈረስ የጣላቸውን ቀን አወሩ። ጋባ አውርደውን፣ ሲመሽ መጥቼ እወስዳችኋለሁ ብለው ሄዱ። የሄዱት የዕድሩን ሰዎች ለንጋት ሊያስጠሩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐይቁ ሸሽቶ ነበር። ድሮ ጀልባ ይታሰርበት የነበረው እንጨት ጭቃ ላይ ቆሟል። ዳርዳሩን ሙኬኔ የሚሏት እንደ ጣት የቀጠነች ዓሣ መረብ ላይ ተሰጥታ ትደርቃለች። ከውሃው ፊት ለፊት ከአንዲት ዓሣ ጠባሽ ዳስ ሥር ተቀመጥን። ጀልባዎቹ ሁሉ ዳር ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ምነው አልወጡም?» ስል ዓሣ ጠባሿን ጠየቅኳት።

በጣቷ ሰማዩን አሳየችኝ። ሙኬኔ በጨለማ ነው የምትያዘው፤ ፋኖስ አብርተው ወደ ብርሃኑ ይጠሯታል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ምሽት የፋኖስን ጥሪ የሚሰማ ዓሣ የለም። ስለዚህ አጥማጆቹ ጨረቃ እስክትጎድል መረብ ይጠግናሉ።

ይህን ለተከራዬ ተረጎምኩላት። በዚያው ጨዋታውን ጀመርኩት፤ እኔ ነኝ የጀመርኩት። ወደ ስልክ ከሚሄድ ሐሳብ ጨረቃ ላይ ያለ ሐሳብ የሚሻል መስሎኝ።

«ይልቅ ያላልኩሽ ነገር አለ» አልኳት። «ጨረቃ ላይ ቀኑ ሁለት ሳምንት ነው አሉ። ሌሊቱም ሁለት ሳምንት። አንዴ ነጋ ማለት ለወር ነጋ ማለት ነው።»

«በወር አንዴ ብቻ ነው የሚነጋው?»

«በወር አንዴ።»

ተከራዬ አሰበች። ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ታዲያ መርዶ መቼ ሊነገር ነው?»

ዓሣው ዘይት ውስጥ ገባ፣ ጩኸቱ ደረሰልኝ።

«እውነቴን ነው እትዬ። ንጋት ጠብቀው ነው የሚነግሩት። አንዱ ጨረቃ ላይ ቤት ቢሠራና አገር ቤት እናቱ ብትሞት፣ ሲመሽ የሞተች እንደሆነ ያስቡት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎረቤቱ አንገቱን ደፍቶ እያየው፣ ማንም ሳይነግረው።»

«እዚያስ ሌላ ሥርዓት ያወጡ ይሆናል።»

«እኔ አይቼዋለሁኮ» አለች። ድምፅዋ ከጨዋታው ወጣ። «እማዬ ስትሞት ሌላ ከተማ ኮሌጅ ነበርኩ። ፈተና እስክትጨርስ ብለው ደበቁኝ። ጓደኞቼ ያውቃሉ፣ የዶርሚተሪ ዘበኛው ያውቃል። እኔ ካፌ ቁጭ ብዬ እናት እንዳለው ሰው ስስቅ ከረምኩ። የነገሩኝ ቀን ያለቀስኩት ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ስስቅ ያዩኝን ሁሉ እያሰብኩ ነው ያለቀስኩት።»

«ላንቺው ብለው ነው።»

«ነው። አልተጣላኋቸውም።» ወደ እኔ ዞረች። «ግን እርስዎን አንድ ነገር ልለምንዎት። እዚህ ሌላ ዘመድ የለኝም። እኔን የሚመለከት ነገር የሰሙ ዕለት ንጋት አይጠብቁብኝ። ጨረቃ ላይ ብሆን እንኳ። እሺ? አደራዎን።»

ሰው በአንድ ቀን ስንት አደራ ይቀበላል? ጠዋት ጓሮ በር ላይ አንዱን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛው እግሩን አንሥቶ የመጀመሪያው ላይ ቆመ። «እግዜር ክፉውን ያርቅ» አልኩ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ፀሐይ ከኋላችን ወደ ከተማው ወረደች። ከፊታችን፣ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ፣ ጨረቃ ወጣች። ትልቅ ነበረች፣ ቀለሟ የበሰለ ማንጎ። ተከራዬ ሳቀች።

«መሬታችን ይኸው መጣ! በሉ እትዬ፣ ለአባዬ ልንገረው። ቅዳሜ አይደል? እየጠበቀኝ ነው።» በመንገዱ ዳር ጃንጥላ ሥር ስልክ ዘርግታ የምታስደውል ሴት ነበረች፤ አስቀድማ አይታታለች ማለት ነው። ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ እንደ ርጉዝ ሰው በዝግታ ተነሣች። «ጨረቃዋ እዚያም ወጥታ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ከቤት ውጣና አውለብልብልን እለዋለሁ።»

«ተቀመጪ» አልኳት።

«አልቆይም፣ ዓሣው ሳይደርስ...»

«ተቀመጪ የኔ ልጅ።»

አልተቀመጠችም። አንድ እጇ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱ ሆዷ ላይ እንደሆነ ቆመች። ሲነግሩኝ የሰማሁትን፣ ለመንገር የሚያገለግለውን ቃል ሁሉ ፈለግኩ፤ ትንሽ አሟቸው ነበር፣ እንግዲህ የማይቀር ነው፣ እግዜር ያመጣውን። አንዱም አልመጣልኝም። ዝም አልኩ፤ ያው ዝምታዬ ነገራት።

«መቼ?» አለች።

ማን ብላ አልጠየቀችም።

«ትናንት ማታ።»

ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። የዓሣው ዘይት ይንጫጫል፣ ከወዲያ የሆነ ሬዲዮ የሉጋንዳ ዘፈን ይዘፍናል፣ ከእኛ ጠረጴዛ ግን ምንም የለም። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ አይንቀሳቀስም። ቆይታ ቀኝ እጇን አነሣች፤ ወደ ጨረቃዋ፣ ከትከሻዋ ሳታሳልፍ፣ ግራና ቀኝ አወዛወዘችው።

ዓሣ ጠባሿ የተጠራች መስሏት እጇን እየጠረገች መጣች። «ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ምን ልጨምርልሽ?»

«ምንም» አልኳት እኔ። «ምንም አይደል።»

ሴትየዋ ተከራዬን አየች፣ ሆዷን አየች፣ ያልጠየቅነውን ሻይ አምጥታ አስቀመጠችና ሄደች።

«ባሌ ያውቃል?» አለች ተከራዬ ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ።

«ያውቃል። ማታ ይገባል። ጋሼ ጋ አድሮ ሊነጋ ሲል አብረው ይመጣሉ።»

«ማን ማን?»

«ጋሼ፣ ሴቶቹ፣ የዕድሩ ሰዎች።»

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ያለችው ነገር አሁንም ድረስ ይገርመኛል። «ይምጡ። ነግሬያታለሁ እንዳይሏቸው።»

«ለምን ልጄ? ከእንግዲህ ምን ይደበቃል?»

«በጨለማ ተነሥተው ነው የሚመጡት። መርዶ ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን አልመልሳቸውም።» ወደ ጨረቃዋ ቀና አለች። «እስከዚያ እዚያ ነኝ ይበሉ።»

ጋሼ ሊወስዱን መጡ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ መንገድ ሄጄ አላውቅም። እሳቸው እንዳታውቅ ይደብቃሉ፣ እሷ ማወቋን ትደብቃለች፣ እኔ መሀል ላይ ለሁለቱም እደብቃለሁ።

«ዓሣው እንዴት ነበር?» አሉ ጋሼ በመስታወቱ እያዩ።

«አጥንት በዛበት ጋሼ» አለች።

«የሐይቅ ዓሣ እንዲያ ነው። እኔ አንዴ አጥንት ጉሮሮዬ ተሰንቅሮ አንድ ኪሎ ሙዝ ነው ያስዋጡኝ። አጥንቱ ወረደ፤ ሙዙ ነው የቀረው!»

ሳቀች። ጨለማው ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት፤ ጋሼም አብረው ሳቁ፣ ደስ አላቸው። እናቷ የሞተች ጊዜ ሳታውቅ ሳቀች፤ አሁን እያወቀች ሳቀችላቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ወደ ውጪ አየሁ።

ሊነጋጋ ሲል ክፍሏን አንኳኳሁ፤ ቀድሜ ልያት ብዬ ነው። ለብሳ ተቀምጣለች። ቤቱን ጠርጋ፣ ወንበሮቹን አውጥታ፣ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ለለቅሶ የተሰናዳ ቤት ነው፤ አንድ ነገር አልጎደለውም።

«እንዲህ አድርገሽ ልትቀበያቸው ነው?» አልኳት። «ጋሼ እኮ ዓይናቸው ያያል!»

አሁን ስታስቡት ያስቃል፤ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ እየተጨቃጨቅን የለቅሶውን ቤት መልሰን የሰላም ቤት አደረግነው። ፍራሹን አልጋው ላይ መለስኩ፣ አንሶላውን አተራመስኩ። ወንበሮቹን አስገባን። ነጠላዋን ራሴ ገልብጬ አለበስኳት። አልጋዋ ውስጥ ገባች። ስወጣ ጨረቃ በሙላጎ ኮረብታ በኩል እየገባች ነበር፤ ነጥታለች፣ አንሳለች። ከበራፉ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ ብዙ እግር፣ ቀስ እያለ።

ጋሼ አንኳኩ። ባሏ ከኋላቸው ነው፣ በመንገድ አቧራ እንደተሸፈነ። ከፈተች፤ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ዓይኗን እያሻሸች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እንዴት አደርሽ። አባታችን ትንሽ አሟቸው ነበር...»

አላስጨረሰቻቸውም። ያን ጩኸት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ማወቋን የማውቀው እኔ እንኳ ደንግጬ ግድግዳ ያዝኩ። ባሏ ዘሎ ያዛት፣ ሴቶቹ ከበቧት፣ የቡኮቶ ውሾች ሁሉ መለሱላት። አባቷን ጠራቻቸው፣ ባርኔጣቸውን ጠራች፣ መንገዱን ጠራች። ይህንን ጠብቃ ነበር። ጋባ ላይ ያልወጣው ሁሉ እዚህ ወጣ።

ረፋዱ ላይ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ጋሼ ወደ ማድ ቤቴ ገቡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ደክሟቸው ነበር፣ ግን ሥራውን በደንብ የጨረሰ ሰው ድካም ነው።

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። «አንድም ነገር አልጠረጠረችም። አየሽ፣ ከእኛ ከከበብናት ሰዎች በመስማቷ ነው እንዲህ የወጣላት። በስልክ ብትሰማው ኖሮ ውስጧ ይቀር ነበር።»

ስኳሩን አቀረብኩላቸው።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «ከእናንተ ነው የሰማችው።»

ይህን ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም። ጋባ ላይ ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ጨረቃ።